የብሎክቼይኑን ሒሳብ ማን ይከፍላል?

ስለ ብሎክቼይን ሲወራ የሚሞገሰው አሠራሩ ነው። ነጋዴ ግን አንድን ቴክኖሎጂ የሚያስገባው ወይም የሚተወው ወጪው በማን ጫንቃ እንደሚያርፍ፣ ጥቅሙ በማን ኪስ እንደሚገባ አስልቶ ነው። ይህን ስሌት ለማየት ሀዋሳ ትመቻለች፤ ከአለታ ወንዶ፣ ከበንሳና ከዳሌ የሚወጣው የሲዳማ ቡና ንግድ የሚሰባሰብባት ከተማ ናትና።

የእሸት ቡና መንገድ ረጅም ነው፦ ከአርሶ አደሩ ወደ ሰብሳቢ ወይም ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ከዚያ ወደ መፈልፈያው፣ ወደ አቅራቢው፣ ወደ ላኪው። በብሎክቼይን የመዝገቡ ቅጂ በየተሳታፊው እጅ ስለሚገኝ አንዱ ብቻውን ተነስቶ የትናንቱን ቁጥር ሊፍቅ አይችልም። መልካም። ነገር ግን የአንዱ ቡና በጎረቤቱ ስም ከተመዘነ ሥርዓቱ ውሸቱን ሳይጠይቅ ይቀበላል፤ ይባስ ብሎ የማይፋቅ ያደርገዋል። በለቀማ ሰሞን፣ አመሻሽ ላይ፣ ወረፋው ሲረዝም እያንዳንዱን ጆንያ በባለቤቱ ስም የሚጽፈው ሚዛን ላይ የቆመው መዝጋቢ ነው። የብሎክቼይን ፕሮጀክት ሲቀርብ እኔ በበጀቱ ውስጥ መጀመሪያ የምፈልገው የዚህን ሰው ደመወዝ ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሲጀመር በገዥና በሻጭ መካከል የነበረውን የክፍያ ስጋት አቃለለ። በአንጻሩ ቡናው በደረጃና በአካባቢ እየተመደበ ይቀላቀል ስለነበር የማን ማሳ እንደሆነ መለየት አዳጋች ሆነ። በ2010 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን ከሚገነባው ኩባንያ ጋር ሲፈራረም ቡናን በብሎክቼይን መከታተል አንዱ ሐሳብ ነበር። በሚኒስቴር ደረጃ የሚፈረም ስምምነት ግን አቅራቢውና ላኪው መዝገባቸውን እርስ በርስ እንዲከፍቱ አያስገድድም።

አለመከፈቱ ምን እንደሚያስከትል ሜርስክና አይቢኤም አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ያስጀመሩት ትሬድሌንስ የተባለው የመርከብ ጭነት መድረክ እንዲዘጋ በ2022 ተወሰነ፤ የተሰጠው ምክንያት የዘርፉ ሙሉ ትብብር አለመገኘቱ ነው። የሀዋሳ ላኪስ ጥሩ ቡና የሚያመጣለትን አቅራቢ ለተፎካካሪው ለምን ያሳያል?

ሌላው እንቅፋት የክሪፕቶ ገንዘብ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። የቡና መዝገብ የክሪፕቶ ገንዘብ አያስፈልገውም፤ ብሎክቼይን ሲባል ቢትኮይን የሚታየው ነጋዴ ግን ይሸሻል።

የቡናን መነሻ ለመመዝገብ ትልቁ ግፊት የሚመጣው ከብራስልስ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ ቡናው የበቀለበት ማሳ የት እንደሆነና እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ ወዲህ ደን እንዳልተመነጠረበት ማስረጃ ይጠይቃል። ሕጉ ግን በብሎክቼይን ይሁን አላለም። ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የመገኛ ነጥብ ይበቃል፤ የሲዳማ ገበሬ ማሳ በአብዛኛው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ስልክ የያዘ ወጣትና ተራ የመረጃ ቋት ይሠሩታል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ደግሞ በተደጋጋሚ ተገፍቷል፤ ቀድሞ ገንዘብ ያወጣ ላኪ ቢቆጭ አይፈረድበትም።

በሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ቢሆን ጨርቁ ከየት እንደመጣ በምን መንገድ ይመዝገብ የሚለውን የሚወስነው ባህር ማዶ ያለው የብራንዱ ባለቤት ነው። ገዥ ያዘዘውን መዝገብ ሻጭ በራሱ ወጪ የሚይዝ ከሆነ ቴክኖሎጂው ግብር ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የቡና ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ከገዥ ጋር ከመፈረማቸው በፊት ሁለት ነገር በውሉ ቢያስጽፉ ይሻላል፦ የማሳው መረጃ ባለቤት ማኅበሩ መሆኑን፣ እና ገዥው ለዚያ መረጃ በኪሎ ስንት ብር እንደሚጨምር።