የደኑ ሥዕል እስከ ቤት ሲደርስ

ማየት ማመን ነው ይባላል። ይህ አባባል የሚሠራው ግን የሚታየው ነገር አጥርቶ ሲታይ ብቻ ነው። ተበላሽቶ የቀረበ ሥዕል እንኳንስ የማያውቁትን ሊያሳምን፥ የሚያውቁትንም ያጠራጥራል። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሣው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ችላ ሊባል የሚገባው አይደለም። ይኸውም የሀገራችንን ተፈጥሮ እያሳዩ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚታጀቡት ፊልሞች ወደየቤታችን ሲደርሱ የሚኖራቸው ጥራት ነው።

በቅርቡ ሚዛን ተፈሪ ከአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ዝናቡ እስኪያባራ እንጠብቅ ነበር። ከግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን በፍላሽ የተጫነ ፊልም ይታያል፤ ጥቅጥቅ ያለ ደን፥ ጉምና ፏፏቴ፥ ከሥሩም ለስለስ ያለ የኪቦርድ ዜማ። ከተቀመጡት ወጣቶች አንዱ «ይህ የእኛው ሸካ ነው» አለ። ሁለተኛው «የለም፥ ብራዚል ነው» ብሎ ተከራከረው። ፊልሙ የቦታ ስም ስላልተጻፈበት ነገሩን ሊያስታርቅ የሚችል አልተገኘም። በመጨረሻ በቡናና በማር ሥራ ያረጁ ወደሚመስሉ አንድ ሽማግሌ ዞረው «አባባ፥ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አሏቸው። ሽማግሌውም ሥዕሉን ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ «ልጆቼ፥ ቅጠሉን ባየው ዛፉን አውቀው ነበር፤ ይህ ግን ቅጠል የለውም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በመስኮቱ በኩል ከሚታየው ዛፍ እያንዳንዱ ቅጠል በዝናቡ ሲንቀጠቀጥ ይለያል። በቴሌቪዥኑ ያለው ደን ግን አረንጓዴ ቀለም እንደ ተደፋበት ምንጣፍ ነበር። ፊልሙን ያነሣው ሰው በጭቃና በዝናብ መድከሙ አይጠረጠርም፤ ድካሙ ግን በመንገድ ላይ ቀርቷል።

ለመሆኑ እንዲህ ያለው ጉድለት ከወዴት ይመጣል? ተንቀሳቃሽ ሥዕል እንዳለ ቢቀመጥ እጅግ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ በኮምፒዩተር ተጨምቆ ይቀመጣል። መጭመቂያው የሚጠቀምበት ዋና ዘዴ ከአንዱ ሥዕል ወደሚቀጥለው ያልተለወጠውን ትቶ የተለወጠውን ብቻ መያዝ ነው። ዜና አንባቢ በጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ሲናገር የሚንቀሳቀሰው አፉና እጁ ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው። በነፋስ የሚወዛወዝ ደን፥ የሚወርድ ዝናብና የሚንከባለል ውሃ ሲሆን ግን ሁሉም ነገር በየቅጽበቱ ይለወጣል። የተመደበው የመረጃ መጠን ሲያልቅበት መሣሪያው ቅጠሉን ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይለውጠዋል፤ ጉሙንም ደረጃ ደረጃ ያለው ግድግዳ ያስመስለዋል። ስለዚህ በመጥፎ ቅጂ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው የደቡብ ምዕራቡን የመሰለ ዝናባማና ቅጠላማ አገር ነው።

በቤታችን የኖሩትን ዲስኮች ብናነጻጽር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በሀገራችን ገበያ ለብዙ ዘመን የተሸጠው ቪሲዲ በወርዱ 352፥ በቁመቱ 288 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ ይህም በአጠቃላይ ከመቶ ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ዲቪዲ ይህን ወደ 720 በ576 ከፍ አደረገው። ዛሬ በብዙ ቤት የሚገኘው ባለ 1920 በ1080 ቴሌቪዥን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው። ከአሮጌ ቪሲዲ የተገለበጠ ደን በእንዲህ ያለ ሰፊ ገበታ ላይ ሲለጠጥ፥ ጉሬዛውም ዛፉም እንደ ተቀቀለ ጎመን ቢሆን ምን ያስደንቃል?

ተፈጥሮን በሙዚቃ አጅቦ ማሳየት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ባለፉት ዘመናት፥ በአንዱ ዝግጅትና በሌላው መካከል ተራራና ፏፏቴ ዘፋኝ ከሌለበት ዜማ ጋር ሲቀርብ ያየን ብዙዎች ነን። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ አገር አኮርዲዮንን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ጋር አዋሕዶ ያወጣው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ በውጭው ዓለም አዲስ አድማጭ አግኝቷል። ከእርሱም ወዲህ እንደ እንደገና ሙሉና እንደ ሚካኤል ሰይፉ ያሉ ባለሙያዎች የሀገር ቤቱን የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ ከኮምፒዩተር ጋር አስማምተዋል። ዜማው አለን፤ አገሩም አለን። የጎደለው በሁለቱ መካከል ያለው ጥንቃቄ ነው።

ስለ ጥንቃቄ ከተነሣ፥ ሌሎች የሠሩትን መመልከት ይጠቅማል። ሮን ፍሪክ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1992 «ባራካ»፥ በ2011 ደግሞ «ሳምሳራ» የተባሉትን ፊልሞች አቅርቧል። በሁለቱም ተናጋሪ የለም፤ ያለው ሥዕልና ሙዚቃ ብቻ ነው፤ ከሙዚቃው ደራሲዎች አንዱም በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የታወቀው ማይክል ስተርንስ ነው። «ሳምሳራ» በ25 አገሮች ሲነሣ የእኛው የኦሞ ሸለቆም አንዱ ነበር። ሊጤን የሚገባው ግን «ባራካ» በ2008 በብሉ ሬይ ዲስክ ለቤት ተመልካች ሲዘጋጅ የተደረገው ነው። ዲስኩ የሚችለው 1080 መስመር ሆኖ ሳለ፥ ባለ 65 ሚሊሜትሩ ዋና ፊልም በ8ኬ ጥራት እንደ ገና ተነበበ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዲስኩ ልክ የወረደው። ከሞላ ማድጋ መቅዳትና ከደረቀ ማድጋ መቅዳት አንድ አይደለምና።

የቡና አገር ሰው ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ቀይ ፍሬ ብቻ ካልተለቀመ፥ በሰዓቱ ካልተፈለፈለ፥ በማድረቂያው አልጋ ላይ በደንብ ካልተገላበጠ የዛፉ መልካምነት ብቻውን ዋጋ የለውም። ይህ ሁሉ ተደርጎለትም ምጣድ ላይ ካረረ በስኒው የሚቀርበው የገበሬው ድካም ሳይሆን የቆይው ቸልተኝነት ነው። ፊልምም እንዲሁ ነው። ቀራጩ ለቅሞታል፤ ሙዚቀኛው አጥቦታል፤ የሚያሳርረው አብዝቶ የሚያከፋፍለው ነው።

ስሙስ? ጌሻ የተባለው ቡና ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ደን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ተወስዶ በኬንያ፥ በታንዛኒያና በኮስታሪካ በኩል ፓናማ ደረሰ፤ በ2004 በዚያ አገር ውድድር አንደኛ ወጥቶ በዓለም ገበያ እጅግ ውድ ከሆኑት አንዱ ሆነ። ስሙን ይዞ ባይሄድ ኖሮ ዛሬ ጌሻን ማን ያነሣው ነበር? ስም የሌለው የደን ሥዕል ግን እነሆ በገዛ አገሩ ሻይ ቤት ውስጥ ብራዚል ይባላል።

ነገሩ የመዝናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስጨነቀን። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010፥ የሸካ ደን በ2012 በዩኔስኮ በጥብቅ የሕይወት ክልልነት ተመዝግበዋል። ቢሆንም ደን ለእርሻና ለተክል ልማት እየተመነጠረ መሳሳቱን የማያውቅ የለም። የዛሬው ደን ሥዕል ለነገው ትውልድ ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ ስሙን፥ ቦታውንና ቀኑን ካልተናገረ፥ መልኩም ካልለየ ቃሉ አይጸናም። ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ «በቴፒና በማሻ መካከል ምን ዛፍ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱን የሚያገኘው ቅጠሉ ከሚለይበት ሥዕል ነው እንጂ ከአረንጓዴ ምንጣፍ አይደለም።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁሉ ጥቂት ምክር እናቀርባለን። ፊልም የሚያነሡ ሰዎች ዋናውን ቅጂ ሳይጨምቁ በሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ የተነሣበትን ወረዳና ቀን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፉ፤ አረንጓዴውን ከልኩ በላይ አያድምቁ፤ የደቡብ ምዕራብ ደን ቀለም መበደር አያሻውምና። ጨምቀው ሲያወጡም የሚሞክሩት ፀጥ ባለው ሰማይ ሳይሆን ዝናብ በሚመታው ቅጠል ይሁን፤ ያን ያለፈ ቅጂ ሁሉን ያልፋል። ውጤቱንም በስልክ ሳይሆን በሰፊ ቴሌቪዥን ይመልከቱ። በቴሌግራም የሚልኩ በቪዲዮ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ይላኩ፤ አለዚያ ሲላክ እንደ ገና ሊጨመቅ ይችላል።

ለሙዚቀኞችም አንድ ቃል አለን። ዝናብ በኮባ ቅጠል ላይ ሲወርድ፥ ጉሬዛ በማለዳ ሲጮኽ የራሱ ዜማ አለው። ኪቦርዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካልነገሠ ደኑም የሚናገርበት ጊዜ ያገኛል። በአካባቢው ያሉት የሸኮ፥ የቤንችና የሸካ ሕዝቦች የራሳቸው ዜማና የሙዚቃ መሣሪያ ስላላቸው፥ ከሩቅ አገር ከመቅዳት በፊት የእነርሱን ማዳመጥና ስማቸውን ማንሣት ተገቢ ነው።

እንደ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማትም ዋና ቅጂዎችን በቤተ መጻሕፍታቸው ተቀብለው ቢያኖሩ፥ ሥራው ከአንድ ሰው ሣጥን ወጥቶ የሕዝብ ቅርስ ይሆናል። ተመልካቹ ደግሞ ተበላሽቶ የቀረበለትን «ከምንም ይሻላል» ብሎ ከመቀበል ይልቅ የተሻለውን ይጠይቅ። የአረረ ቡና ሲቀርብለት ስኒውን የሚመልስ ሰው፥ ለአገሩ ሥዕል ከዚህ ያነሰ ሊሳሳ አይገባውም።

ሽማግሌው የጠየቁት ብዙ አይደለም፤ ቅጠሉን ማየት ነው። ይህን ያህል ልናሳያቸው የሚያቅተን አይመስለንም።