ስለ መምህራን የርቀት ትምህርት

መምህር ሆኖ ሳለ ተማሪ መሆን የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። ቀን ልጆችን ሲያስተምር ውሎ ማታ የርቀት ትምህርቱን መጽሐፍ የሚገልጥ የገጠር መምህር ብዙ ነው፤ ቤቱንና ክፍሉን ሳይተው ዕውቀቱን የሚያሳድግበት ሌላ መንገድ የለውምና። ስለዚህ ይህ ትምህርት ፈጽሞ ይቅር የሚሉትን ሰዎች አሳብ አንቀበለውም።

ነገር ግን ጕድለቱን መሸሸግ አይገባም። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት የርቀት ትምህርት እንዲቋረጥ፥ መምህራንን ማሠልጠንም ለመንግሥት ተቋሞች ብቻ እንዲሆን ያዘዘው የጥራቱ ነገር ስላሳሰበው ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የርቀቱ ትምህርት በገደብ ተፈቀደ፤ ክልከላው ቢነሣም ሕመሙ ገና አልዳነም።

ብዙ ሰዎች በሞጁሉ ያሳብባሉ። በእኛ አስተያየት መጽሐፉ ደኅና ሲሆን እንኳ የጐደለው አራሚ ነው። ተማሪው መልሱን ጽፎ ይልካል፤ የሚመለስለት ግን ብዙ ጊዜ ቍጥር ብቻ ነው፤ በምን እንደ ተሳሳተ አይነገረውም። የሚፈለገው ቍጥር ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን በገንዘብ የሚሠራለት ሰው አይታጣም፤ ይህን ገበያ የማያውቅ ከተማ ጥቂት ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ምስጢሩ የጐደለበትን፥ ቤቱ የተበላሸበትን ስፍራ እያሳየ ያርመዋል። የቦታ መራቅ ይህን እርማት ሊያስቀር አይገባውም።

ታንዛንያ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1974 የሙሶማ ውሳኔ በኋላ ለሕፃናት ሁሉ ትምህርት ለማዳረስ ስትነሣ በአሥር ሺሆች የሚቈጠሩ መምህራን በርቀት አሠልጥናለች። እነዚያ ሰልጣኞች በጽሑፍና በራዲዮ ብቻ አልተተዉም፤ በመንደራቸው ትምህርት ቤት እያስተማሩ የሚጐበኛቸው አስተማሪ ተመድቦላቸው ነበር። ሁሉም በሙያው በቃ አንልም፤ ሥርዓቱ ግን ሰልጣኙን ከክፍሉ ድረስ ሄዶ የሚያይ ነበር።

በእኛም አገር ይህን ማድረግ ይቻላል። በኮሌጅ የሚሠለጥነው ወጣት ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤት የሚወጣው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ የርቀቱ ተማሪ ግን ዓመቱን ሙሉ በልጆች ፊት ይቆማል። ሌሊት ያነበበውን ጧት ሊሠራበት ይችላል። ታዲያ ይህን ሰው ወደ ፈተና አዳራሽ ብቻ ጠርቶ፥ ሲያስተምር ሳያዩት የምስክር ወረቀት መስጠት ምን ይባላል? በየጉድኝት ማእከሉ ሱፐርቫይዘሮች አሉ፤ ኮሌጁ ከእነርሱ ጋር ሆኖ እያንዳንዱን ሰልጣኝ በየመንፈቁ ሁለት ጊዜ እንኳ በክፍሉ ይመልከተው፤ ያየውንም በጽሑፍ ይስጠው። ለመኝታና ለምግብ ሳይወጣ የቀረው ገንዘብ ለጐብኚው መጓጓዣና አበል ይዋል።

ሱፐርቫይዘሩ ሥራ ስለ በዛበት ለሁሉ አይደርስም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። እንዲህ ከሆነ ኮሌጁ ሊጐበኘው ከሚችለው በላይ ሰልጣኝ አይመዝግብ።