የመንገድ ዳር ከተሞች ታሪክ፦ ከብቸና እስከ ሞጣ

ከደጀን ተገንጥሎ በብቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በጉንደ ወይንና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ በታሪክና በፎክሎር ጥናቶች ውስጥ ከመሸጋገሪያነት ያለፈ ቦታ አላገኘም። ተመራማሪው ብቸና አድሮ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ጉባኤ ይሄዳል፤ ወይም ንግሥት እሌኒ ወዳሠራቻት መርጡለ ማርያም ያልፋል። በመካከሉ ያሉት ከተሞች ቁርስ የሚበላባቸው ናቸው። ገዳማቱ የሚገባቸውን ትኩረት ማግኘታቸው የሚያስከፋ አይደለም፤ የሚያስከፋው የቀረው ነገር ሁሉ ታሪክ እንደሌለው መታለፉ ነው።

የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን የጉንደ ወይንን ስም ብቻ መመልከት ይበቃል። ግእዝ ለሚያውቅ ፍቺው ግልጽ ነው፤ የወይን ግንድ ማለት ነው። ነገር ግን ስሙ በስፍራው በቅሎ የነበረን ወይን ያስታውሳል ወይስ ክርስቶስ ራሱን በወይን ግንድ የመሰለበትን የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15? ይህን መዝገበ ቃላት አይመልስም። ካህኑ የሚያወሳው ከነጋዴው፣ ነጋዴውም ከባላገሩ ሊለይ ይችላል፤ ለፎክሎር አጥኚ ደግሞ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው።

ጊዜ የማይሰጠው ግን የ1960 ዓ.ም. ትዝታ ነው። በዚያ ዓመት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የሞጣ፣ የብቸናና የዳሞት ገበሬ ርስቱን የሚያሳጣው መስሎት ተነሣ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም ላከ። ኋላም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ። ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ዓመፁን በሰፊው ተንትነውታል፤ የትንተናው ማዕከል ግን፣ እንደሚጠበቀው፣ ገበሬውና መንግሥት ናቸው። ትንንሾቹ ከተሞች በሁለቱ መካከል ነበሩ። ግብር ተቀባዩ፣ ዳኛውና ፖሊሱ የሚኖሩት እዚያ ነው፤ የከተሜው ዘመድ ደግሞ ባላገር ነው። ገበያው ሲበተን ጠላ ሻጯ በምን አደረች? የጽሕፈት ቤቱ ተላላኪ ከአባቱ ወንድም ጋር እንዴት ተያየ? በዚያ ዓመት 20 ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ከ75 ዓመት በላይ ሆኖታል።

በላይ ዘለቀን የሚያነሡ የቃል ግጥሞች በአንጻሩ በብዛት ተሰብስበዋል። ሆኖም ብዙዎቹ «የጎጃም ቃል ግጥም» ከሚል ርእስ በስተቀር አድራሻ የላቸውም። በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለው አርበኛ ብቸና ላይ የሚሞገስበት ቃልና ሞጣ ላይ የሚሞገስበት ቃል አንድ መሆኑን እንዲህ ካለ ስብስብ ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ የጥናቱ አሐድ አንድ ከተማ ወይም አንድ ደብር ሳይሆን መንገዱ መሆን ይኖርበታል፤ አጓጓዙም የዝግታ ቢሆን ይመረጣል። ብስክሌት እዚህ ላይ መቀለጃ አይደለም። የመንገዱ መድረሻ ባሕር ዳር ራሷ በብስክሌቷ የታወቀች ናት። በመኪና የሚጓዝ ሰው የሚቆመው ሹፌሩ በፈለገበት ነው፤ ብስክሌተኛ ግን ውኃ በጠማው፣ ዳገት ባደከመው፣ ጎማ በተነፈሰበት ሁሉ ይቆማል፤ ከጎሚስታውና ከእረኛው ጋርም ማውራቱ አይቀርም። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ያለው ሰባራ ድልድይም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ጊዜ እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ ድልድይ በጣልያን ወረራ ዘመን ተሰብሮ፣ ሰው ለአሥርት ዓመታት ከጎጃም ወደ ቤጌምድር በገመድ እየተሳበ ሲሻገርበት ኖሯል። ስለ ድልድዩ አሠራር ተጽፏል፤ ገመዱን በየዳርቻው ይጎትቱ የነበሩት እነማን እንደነበሩ፣ ምን ይከፈላቸው እንደነበር፣ ሲጎትቱስ ምን ይሉ እንደነበር መጠየቅ ግን የፎክሎር ተማሪ ድርሻ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በክልሉ የዘለቀው ግጭት ይህን ጉዞ ለብስክሌተኛም ለባለ መኪናም አስቸጋሪ አድርጎታል። ይህ ጥናቱን የማዘግያ ምክንያት አይሆንም። ከነዚህ ከተሞች የወጡ አረጋውያን በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ በልጆቻቸው ቤት ይኖራሉ፤ ከነዚህ ከተሞች የመጡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም በየዩኒቨርሲቲው አሉ። ተናጋሪው ፈቅዶ የተቀዳ፣ ዕድሜው፣ ሰፈሩና ታሪኩን የሰማበት ቦታ የተመዘገበለት አንድ ሰዓት ድምፅ ለመጀመር ይበቃል። መንገዱ ተከፍቶ የብስክሌት ተጓዥ በጉንደ ወይን ሲያልፍ የሚሰማው ታሪክ ከነዚህ ድምፆች የተቀዳ፣ አለዚያም አስጎብኚው በዚያው ቀን የፈጠረው ይሆናል።