ሟሟ እንጂ አልጠፋም

ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም። አንድ ሰው ፌስታል ውሃ ውስጥ ይከታል፣ በማንኪያ ያማስላል፣ ፌስታሉ ድራሹ ይጠፋል። ከዚያ ውሃውን ግጥም! ከሥሩ «እኛ ጋ መቼ ነው የሚመጣው?» የሚል ኮሜንት ሞልቷል። ጥያቄው ወቅታዊ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል ከልክሏል፤ ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል።

ይፋግ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ለሚሸጡ አንዲት እናት ቪዲዮውን አሳየኋቸው። እስከ መጨረሻው አይተው፣ «ታዲያ ዝናብ የመታው ዕለት ሽንኩርቱ የት ሊገባ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

መልስ ለመስጠት ከተልባ ልጀምር። ተልባ ሲዘፈዘፍ ውሃው የሚዝለገለገው ውሃ የሚወዱ ረጃጅም ሞለኪውሎች ከፍሬው ስለሚወጡ ነው። ፀጉራችሁን በተልባ የምታስይዙ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ ሲደርቅ ቀጭን ሽፋን ይሆናል፣ ውሃ ሲነካው መልሶ ይሟሟል። የቪዲዮው ፌስታል ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ፖሊቪኒል አልኮልም ጠባዩ እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ይሄኛው ከእርሻ ሳይሆን ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች በፋብሪካ የሚመረት መሆኑ ነው። አዲስ ግኝትም አይደለም፤ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1924 ሠርተውታል።

ፋብሪካው ሲፈልግ በቀዝቃዛ ውሃ የሚሟሟ፣ ሲፈልግ ደግሞ በጣም የሞቀ ውሃ ካላገኘ የማይሟሟ አድርጎ ያወጣዋል። ጣጣው እዚህ ጋ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ የሚሟሟው የይፋግን ሐምሌ አይችልም። ዝናብ የሚችለውን እናምጣ ብንል፣ ያው ዝናብ ጠርጎ ርብ ወንዝ ሲከተው እዚያም አይሟሟም። ታዲያ ከድሮው ፌስታል በምን ተሻለ?

ደግሞስ ሟሟ ማለት ጠፋ ማለት ነው እንዴ? ስኳር ሻይ ውስጥ ሲሟሟ ከዓይን ይሰወራል፤ ሻዩን ቅመሱትና ንገሩኝ። ፖሊቪኒል አልኮልን በልተው የሚጨርሱት እሱን የለመዱ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በብዛት የሚገኙት የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች ውስጥ ነው። ከይፋግ የሚወርደው ጎርፍ ግን ማጣሪያ አያውቅም፤ በርብ አድርጎ በቀጥታ ጣና ነው።

ነገሩን ለማጣጣል አይደለም። ሆስፒታሎች የበሽተኛ አንሶላ እጅ ሳይነካው ማጠቢያ ማሽን ውስጥ የሚገባበት የሚሟሟ ከረጢት አላቸው፤ እዚያ መሟሟቱ ራሱ ሥራው ነው። እኛው ዘንድም፣ ባሕር ዳር አጠገብ አባ ገሪማ ላይ ተመራማሪዎች ፖሊአክሪላማይድ የሚባለውን ሌላ የሚሟሟ ፖሊመር ተዳፋት ማሳ ላይ ሞክረውታል። በውሃ ሟሙቶ የአፈሩን ቅንጣቶች እርስ በርስ ያያይዛል፣ ጎርፍ የሚወስደውን አፈርም ይቀንሳል። አፈሩ በየክረምቱ ለሚታጠብበት ለደቡብ ጎንደር ገበሬ ከሚጠጣ ፌስታል ይልቅ የዚህ ዜና ይቀርበዋል ባይ ነኝ።

ለገበያው ግን እኔ የምፈልገው ዝናብ የሚችል፣ ደጋግሞ የሚያገለግልና ሽንኩርት ሻጯ ሳትሳቀቅ የምትገዛው ዘንቢል ነው። አዋጁ ወጥቷል፤ ይፋግ ገበያ ላይ ግን ተተኪውን ዞሬ ፈልጌ አላገኘሁም።

ሁለት ኪሎ አስመዘንኩ። «መያዣ ይዘሃል?» አሉኝ። አልያዝኩም። ግራ ቀኝ አዩና ከተቀመጡበት ጆንያ ሥር አንድ ጥቁር ፌስታል ሳብ አደረጉ።