«ሞተሩ ነው የበላው» አትበሉ

ሚዛን ይሁን ቴፒ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህን ንግግር ያውቀዋል። ሟቹ ሞተር የሚወድ አባወራ ከሆነ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ «ሞተሩ ነው የበላው» ይላል። ሌላው «ተው ብለነው ነበር እኮ» ብሎ ያግዘዋል። ሚስት ትሰማለች፣ ልጆችም ይሰማሉ።

በእኔ እምነት ይህ አባባል ሁለት ጥፋት አለው። አንደኛው ሰውየውን ያሳንሰዋል።

ከሩቅ ሆናችሁ ለምታነቡን፦ አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ አብዛኛውን ሞተር ከመንገድ ስታግድ ምክንያቷ ወንጀል ነበር። በእኛ በኩል ግን ሞተር እግር ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ጉራፈርዳ ወይም ወደ የኪ ገጠር ቀበሌዎች ስትገነጠሉ ጭቃው ይቀበላችኋል። መኪና ተስፋ የሚቆርጥበትን ሞተር ያልፈዋል። ከመስከረም ጀምሮ ቡና ሲደርስ ደግሞ እሸቱ ተለቅሞ ማደር የለበትም፤ ካደረ ጥራቱ ይበላሻል። ስለዚህ ጆንያው ከኋላ ታስሮ በዚያው ምሽት መፈልፈያ ጣቢያ መድረስ አለበት። መድኃኒት የሚመጣው፣ ምጥ የያዛት ሴት የምትወጣው በዚሁ ሞተር ነው።

ፍቅሩ ግን ከሥራም በላይ ነው። እንዲህ ያለውን አባት በየሰፈራችን አይተነዋል። እሁድ ሞተሩን የሚያጥበው ብቻውን አይደለም፤ አንዱ ልጅ ባልዲ ይይዛል፣ ትንሹ ታንከሩ ላይ ወጥቶ «ቡምምም» ይላል። ሰንሰለቱን ዘይት ይቀባል፣ ከጎማው ሥር የደረቀውን ጭቃ በእንጨት ይፈነቅላል። ማታ ሳሎን ያስገባዋል። ሚስቱ ስለ ቤንዚኑ ሽታ ታጉረመርማለች፣ እሱም ይስቃል። ልጆቹ ከአሥር ሞተር ድምፅ የእሱን ለይተው «አባባ መጣ!» እያሉ ይወጣሉ። ይህ ሁሉ «በላው» በምትል አንዲት ቃል ይጠፋል።

ሁለተኛው ጥፋት የባሰ ነው። ሞተሩ ከበላው ማንም አይጠየቅም። የተቦረቦረው መንገድ አይጠየቅም። ባንድ መብራት ሌሊት የሚመጣው አይሱዙ አይጠየቅም። ሦስት ሰው ጭነን «ቅርብ ነው» ያልነው እኛም አንጠየቅም። ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚውለው ሄልሜትም እንዲሁ። ኮክሬን የተባለው የጤና ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ግምገማ 61 ጥናቶችን አይቶ ሄልሜት የሞትን አደጋ 42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን 69 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። በአገራችን ሙቀትና ጭቃ ሄልሜት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ጆንያው ግን ከሱ ይከብዳል።

ስለ ገንዘቡም እናውራ፣ ለቅሶ ላይ ነውር ቢመስልም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የግዴታ መድን ስሙ እንደሚለው የሦስተኛ ወገን ነው። የተገጨውን እንጂ ራሱን ነጂውን ታስቦ የወጣ አይደለም። ብዙዎቹ ሞተሮች ደግሞ በብድር ወይም በቡና ተስፋ የተገዙ ናቸው። ዕድሩ ድንኳንና ቀብሩን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ዕዳው የእሷ ነው። ለምን በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ አናነሳውም? ሞተር ያለው አባል ሁሉ ሄልሜት እንዲኖረው ማስገደድ ለዕድር ከባድ ነገር አይደለም። በስብሰባ መቅረትን የሚቀጣ ዕድር ይህን ማድረግ ያቅተዋል?

ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ የምትጽፉ ወንድሞች፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። የት ተወለደ፣ የት ተማረ፣ ስንት ልጆች አፈራ ትላላችሁ፣ ጥሩ ነው። ሞተሩን ይወድ እንደነበረም ጻፉ። ልጆቹ ያ መስመር ሲነበብ ቀና ይላሉ።

ሞተሩ ከአደጋው ተርፎ ከሆነ ደግሞ አርባው ሳይወጣ «ዓይንሽ አይየው፣ ሽጪው» እያላችሁ ደላላ አታምጡባት። በሐዘን ላይ ያለች ሴት በግማሽ ዋጋ ትሸጣለች። መጀመሪያ እሷን ጠይቋት፤ ትልቁንም ልጅ ጠይቁት።