ፊደል የጸናበት ልጅ



ተረት ሲነገረው ፈጥኖ የሚረዳ፥ የሰማውን መዝሙር ሳያዛንፍ የሚደግም፥ ወደ ሱቅ ቢልኩት መልሱን አስተካክሎ የሚያመጣ ልጅ በየሰፈሩ አለ። መጽሐፍ በፊቱ በተዘረጋ ጊዜ ግን አንደበቱ ይታሰራል። ስለዚህም በቤቱ ሰነፍ፥ በጓደኞቹ ዘንድ ደንቆሮ ይባላል። ውሎ አድሮም እርሱ ራሱ ይህን ስም አምኖ ይቀበላል፤ ከጉዳቱ ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

ነገሩ ከስንፍና የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1896 ዓ.ም. ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፎ ነበር። ልጁ አእምሮው ብሩህ ሆኖ ሳለ ማንበብ እጅግ ይቸግረው ነበር፤ መምህሩም ትምህርቱ ሁሉ በቃል ብቻ ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ እንደሚበልጥ መስክሮለታል። ይህ ችግር ዛሬ ዲስሌክሲያ ይባላል። አእምሮ የፊደልን መልክ ከድምፁ ጋር ለማገናኘት ሲቸገር የሚታይ እንጂ የማስተዋል ጉድለት አይደለም። ብዙ ጊዜም በዘር ይወርዳልና ምናልባት ከወላጆቹ አንዱ በልጅነቱ እንዲሁ ተቸግሮ ይሆናል።

እንግዲህ በምን ይታወቃል? ከፊደሎቻችን ብዙዎቹ በመልክ ይቀራረባሉ። ሰና ሸ፥ ነና ኘ የሚለያዩት በራሳቸው ላይ ባለች ሰረዝ ነው፤ ሉና ሊም ቅጥያው ከወገብ ወይም ከእግር በመሆኑ ብቻ ይለያያሉ። ልጁ ሀሁን ከዳር እስከ ዳር በዜማ ስለ ተወጣው ፊደል ለየ ማለት አይደለም። አባቶቻችን ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን ማስቆጠራቸው ትልቅ ጥበብ ነው፤ ተራው ሲለወጥ ልጁ ፊደሉን በዐይኑ ማወቁ ወይም በጆሮው ብቻ ማጥናቱ ይገለጣል። አንዲቱን ቃል በአንዱ መስመር አንብቦ በሚቀጥለው ቢስታት፥ መስመር ቢዘል፥ ከሰሌዳ ሲገለብጥ ዘወትር ኋላ ቢቀር፥ ይህም በትጋት እየተማረ ለወራት ቢቈይ፥ መጠርጠር ይገባል። ነገር ግን አስቀድሞ ዐይኑንና ጆሮውን ሐኪም ይመልከትለት።

መምህሩ ይህን ልጅ ከፊት ያስቀምጠው። የሚመሳሰሉትን ፊደሎች በአንድ ቀን አያስተምረው፤ አንዱ ሲጸናለት ሌላውን ይጨምርለት። ድምፁን እያሰማ በአሸዋ ላይ በጣቱ ያስጽፈው፤ ዐይን፥ ጆሮና እጅ በአንድነት ሲማሩ ትምህርቱ ይጸናልና። ሳያዘጋጀው በጓደኞቹ ፊት አያስነብበው። በፈተና ጊዜ ሰዓት ይጨምርለት፤ የታሪክና የሳይንስ ዕውቀቱንም በቃል ይጠይቀው። በቤተ ክህነት ትምህርት ታላቁ ተማሪ ታናሹን እንደሚያስቈጥረው ሁሉ፥ በቤትም ታላቅ ወንድም ወይም እኅት በየማታው ሩብ ሰዓት ያህል አብሮት ቢቀመጥ ይበጃል። ወላጆች ጸሎትና ጠበል ቢሹለት መልካም ነው፤ ይህ ግን ከመምህር እገዛ የሚያስቀር አይደለም።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ለልጆቻችን ደጋግመን እንነግራለን። ትምህርት ጸንቶበት መምህሩ አባ ጌዴዎን በገረፈው ጊዜ ሸሸ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦም ትሉ ደጋግሞ እየወደቀ በመጨረሻ ሲወጣ አየ፤ ከዚያም ተመለሰ። ከዚህ ታሪክ ለልጁ ትዕግሥትን እናስተምራለን። ለእኛ ለታላላቆቹም የሚነግረን አለው፤ ግርፋቱ ሕፃኑን ከትምህርት አሸሸው፥ የመለሰው ግን በትሉ ድካም ያየው ተስፋ ነው። ዜማችንን የደረሰልን ሊቅ በዚያ ቀን እንደ ሸሸ ቢቀር ኖሮ ምን ያህል በጐደለብን ነበር!

ስለዚህ በንባብ የዘገየውን ልጅ ከመፍረዳችን አስቀድሞ እንመርምረው። በትሩን ትተን ፊደሉን አንድ በአንድ እናስይዘው፤ ሲወድቅም የምናነሣው እንጂ የምንስቅበት አንሁን።