መብራት ስለ በራ ብቻ ዕቃ ይለወጣልን?

በልደታ ጋራዥ ደጃፍ የቆመ ባለ መኪና «የሞተሩ መብራት በርቷልና የኦክስጂን ሴንሰሩ ይለወጥ» ቢባል ወዲያው ገንዘቡን ሊያወጣ ይገባዋልን? አይገባውም። ይህ ግምት እንጂ ምርመራ አይደለም፤ የግምቱንም ዋጋ የሚከፍለው ገማቹ ሳይሆን ደመወዙን ከወር እስከ ወር የሚያብቃቃው ወጣት ሠራተኛ ነው።

በ1976 እ.ኤ.አ. በቮልቮ መኪና ላይ የዋለው ይህ የቦሽ ሥራ፣ በጭሱ የቀረውን ኦክስጂን ከውጭው አየር ጋራ እያመዛዘነ ለሞተሩ ኮምፒዩተር ያስታውቃል። የተለመደው ዓይነት የፊተኛው ሴንሰር ደኅና ከሆነ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ይመላለሳል፤ ይህንንም ዲጂታል ቴስተር ያሳያል። ባንድ ቁጥር ደርቆ ቢቀር ይጠረጠራል፤ ነገር ግን ገና አይፈረድበትም። የጭስ ማውጫው ከሴንሰሩ በፊት ቢሸነቆር የውጭ አየር ሾልኮ ይገባና እውነተኛውን ምስክር ሐሰተኛ ያስመስለዋል። ፊውዙና ሽቦውም አስቀድመው ይታዩ።

ቸል ማለትም አይበጅም፤ የሞተ ሴንሰር ቤንዚን ያስበላል፣ ውሎ አድሮም የጭስ ማጣሪያውን ያበላሻል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏልና፣ በእጃችን ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ሊያገለግሉን ነው። እንግዲህ መለወጡ ግድ ቢሆን፣ መካኒኩን «ቴስተሩ ስንት አለ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ አዲሱንም ሲያስር ቅባቱ ክሩን እንጂ ጫፉን እንዳይነካ ቆማችሁ እዩ።